ያረጀውን መርሴዲስ ስቴሽን ዋገን ለበጎ አድራጎት ልስጠው? መኪናውን ከመስጠትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ2011 ሞዴል መርሴዲስ ቤንዝ ኢ350 ፎርማቲክ ስቴሽን ዋገን አለኝ፤ 148 ሺህ ማይል ሄዷል። ጠዋት ጠዋት ከኋላው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነው የማገኘው፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱም በርቷል። መካኒኩ 4,000 ዶላር ገደማ ጠየቀኝ። በሬዲዮ ‹መኪናዎን ይስጡ፣ በነጻ መጥተን እንወስዳለን፣ ዋጋውን ከታክስ ያስቀንሱ› ሲባል እሰማለሁ። የመኪና ዋጋ መመሪያው ኬሊ ብሉ ቡክ 7,500 ዶላር ይላል። ከማስጠግነው ይልቅ ሰጥቼ 7,500 ዶላሩን ከታክስ ባስመልስ አይሻልም? ባለቤቴ ለቤተ ክርስቲያናችን ወይም ለእድራችን እንስጠው ትላለች፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ የአረጋውያን መርጃ እንላከው ባይ ነው። ታክስ የምናሠራው በጋራ ነው፤ የዓመት ገቢያችን 110 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ለማን ብንሰጠው ይበጃል?»

መልስ፦ ከ7,500 ዶላሩ ልጀምር፤ የቀረው ጥያቄዎ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው። ያንን ገንዘብ አያገኙትም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቁጥር ስም ተቀላቅለውብዎታል፤ መኪናው በዋጋ መመሪያ ላይ የተጻፈለት፣ መኪናው በጨረታ የሚያወጣው፣ እና ከግብርዎ ላይ በእርግጥ የሚቀርልዎት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው በሩቁ እንኳ አይተዋወቁም።

እስከ 2004 ድረስ (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ለጋሹ የዋጋ መመሪያውን ከፍቶ ያየውን ጽፎ ማስቀነስ ይችል ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 ባወጣው ጥናት 54 የተለገሱ መኪኖችን ከግብር ማስታወቂያው እስከ ጨረታው ተከታተለ። ከሦስቱ እጅ በሁለቱ ላይ፣ ድርጅቶቹ እጅ የገባው ለጋሾቹ ካስቀነሱት ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክር ቤቱ በዓመቱ ሕጉን ቀየረ። ከ2005 መጀመሪያ አንሥቶ ድርጅቱ መኪናውን ሳይጠቀምበትና ሳያድሰው ከሸጠው፣ እርስዎ ማስቀነስ የሚችሉት የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ነው። በ1,800 ዶላር ከተሸጠ ተቀናሽዎ 1,800 ዶላር ነው፤ ኬሊ ብሉ ቡክ ምንም ቢል። ከ500 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ከተሸጠ ደግሞ ከትክክለኛው የገበያ ዋጋውና ከ500 ዶላር አነስተኛውን መጻፍ ይፈቀዳል። በማስታወቂያዎቹ ላይ «ዋጋውን ያስቀንሱ» የሚለው ሐረግ ውሸት አይደለም፤ የማን ዋጋ እንደሆነ ግን ሳይናገር ያልፋል።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ የተለመደ ነው። ተቀናሽ ማለት ተመላሽ ማለት አይደለም። ግብር ከሚጣልበት ገቢ ላይ ይነሣል እንጂ ከግብሩ ላይ አይነሣም። በዚያ ላይ የዕቃ ልገሳን ማስቀነስ የሚችለው ወጪዎቹን በዝርዝር የሚያቀርብ፣ ማለትም ስኬጁል ኤ የሚሞላ ሰው ብቻ ነው። ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለው መደበኛ ተቀናሽ ለባልና ሚስት በ2026 የግብር ዓመት 32,200 ዶላር ነው። የቤት ብድር ወለድዎ፣ የንብረት ግብርዎ፣ የሜሪላንድና የካውንቲው የገቢ ግብርዎ፣ ልገሳዎችዎ ተደምረው ከዚህ ካልበለጡ መኪናው ለግብርዎ ምንም አይፈይድም። ዜሮ። ሜሪላንድም በፌዴራሉ ላይ መደበኛውን የመረጠ ሰው በእርሷም ዘንድ መደበኛውን እንዲይዝ ስለምታስገድድ በዚያ በኩል የሚያጽናና ነገር አይጠብቁ። አንድ የተለወጠ ነገር አለ። የክፍለ ሀገርና የአካባቢ ግብር ማስቀነሻ ጣሪያ ከ2025 ጀምሮ ከ10 ሺህ ወደ 40 ሺህ ዶላር ስላደገ፣ ለዓመታት መደበኛውን ሲወስዱ የቆዩ አንዳንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ባለ ቤቶች አሁን ዝርዝሩ ይሻላቸዋል። ያለፈው ዓመት የግብር ማስታወቂያዎን አውጥተው ይደምሩ፤ በግምት አይወስኑ።

ዝርዝር የሚያቀርቡ ቢሆንስ? ከ2026 ጀምሮ ከልገሳ ላይ የገቢዎ ግማሽ በመቶ አስቀድሞ ይነሣል፤ በ110 ሺህ ዶላር ገቢ ይህ 550 ዶላር ነው። ሌላ ልገሳ ከሌለዎት፣ በ1,800 ዶላር ከተሸጠው መኪና የሚቀረው ተቀናሽ 1,250 ዶላር ነው። በእርስዎ የገቢ ደረጃ ባልና ሚስት በመጨረሻዎቹ ዶላሮቻቸው ላይ የሚከፍሉት የፌዴራል ግብር 12 በመቶ ነው። ስለዚህ ያተረፉት 150 ዶላር ሆነ፤ ሜሪላንድ ከላዩ ትንሽ ትጨምርበታለች። ያሰቡት 7,500 ዶላር ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቶ እንኳ ቢሆን፣ ከፌዴራሉ ግብር የሚቀርልዎት 834 ዶላር ብቻ ነበር። ይህን ስሌት ያስቀደምሁት ልግስናዎን ለማቀዝቀዝ አይደለም። መኪናውን ለመስጠት ምክንያቱ ታክሱ ከሆነ ምክንያቱ የለም፤ ምክንያቱ መርዳት ከሆነ ደግሞ ጥያቄው በየትኛው መንገድ ብዙ እርዳታ ይደርሳል የሚል ይሆናል።

እዚህ ላይ የመኪናው ዓይነት ይመጣል፤ ነገሩም የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። የተለገሰ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው እንደ ኮፓርት ወዳሉ የጅምላ ጨረታዎች ነው። ጨረታው ላይ የሚቆመው ነጋዴ ነው፤ መኪናውን በደቂቃዎች ውስጥ ይገምታል፣ ሳይነዳው ይገዛል። ለአሥራ አምስት ዓመት ቶዮታ ካምሪ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ሁሉም ዋጋውን ያውቀዋልና። ከኋላው የተቀመጠ መርሴዲስ ሲያይ ግን ነጋዴው የሚያስበው የከፋውን ነው። የአየር ስፕሪንግ ነው ወይስ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰሩም ተቃጥሏል? መብራቱ የአንድ ሴንሰር ጉዳይ ነው ወይስ የሞተር? ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ያላወቀውን ሁሉ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። አዲስ ሳለ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የነበረ መኪና መሆኑ አይረዳውም፤ ይልቁንም የመለዋወጫው ውድነት አብሮት ስለሚታሰብ ይጎዳዋል።

በሌላ በኩል ይህን መኪና በስም የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። አሜሪካውያን ወደ ኤስዩቪ ሲዞሩ ቢኤምደብሊው የ5 ሲሪስ ስቴሽን ዋገኑን ከ2010 ሞዴል በኋላ፣ አውዲም ኤ6 አቫንቱን ከ2011 ሞዴል በኋላ ከዚህ ገበያ አወጡ። መርሴዲስ ግን ኢ ክላሱን በስቴሽን ዋገን መሸጡን ቀጠለ፤ በመጠኑ ጥቂት ቢሆንም። ኋላው ላይ ሁለት ሕፃናት ወደ ኋላ ዞረው የሚቀመጡበት ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ያለው፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ እንደ አውቶሞቢል የሚሄድ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለው ገዢ የእርስዎን መኪና ድክመት ከእርስዎ በላይ ያውቃል፤ በእጁ የሚጠግንም ይበዛበታል። ለእርሱ የኋላው መቀመጥ አያስደነግጠውም፤ በዚህ ሞዴል ላይ ኋላውን ብቻ የሚሸከሙት በአየር የሚሞሉ ስፕሪንጎች መሆናቸውን፣ ጎማቸው አርጅቶ ሲሰነጠቅ አየሩ ሌሊት ቀስ እያለ እንደሚወጣ ያውቃል። ከዚህ ሰው የሚያገኙትና ከጨረታው የሚያገኙት ዋጋ አንድ አይሆንም።

ከጨረታው ዋጋ ላይ ደግሞ ሌላም ይነሣል። ሬዲዮ ላይ የሚነገረው ስልክ ብዙ ጊዜ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ራሱ አይደለም፤ ስለ እርሱ መኪና የሚሰበስብና የሚያሻሽጥ ነጋዴ ድርጅት ነው። የመጎተቻው፣ የጨረታው፣ የማስታወቂያው ወጪና የሰብሳቢው ድርሻ ከተነሣ በኋላ ለድርጅቱ የሚተርፈው በውላቸው ይወሰናል፤ አንዳንዱ በመቶኛ፣ አንዳንዱ በመኪና ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይከፈለዋል። ሕገ ወጥ አይደለም። እርስዎ ግን «ከሽያጩ ለድርጅቱ የሚደርሰው ስንት እጅ ነው?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ሰው ስልኩን ይዝጉበት።

ከጨረታው ዋጋ ይልቅ የመኪናው የገበያ ዋጋ የሚፈቀድባቸው ሦስት በሮች አሉ። አንደኛው፣ ድርጅቱ መኪናውን ለሥራው በእርግጥ ሲጠቀምበት ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ ራሱ የሚሰጠው ምሳሌ ለአንድ ዓመት በየቀኑ ለችግረኞች ምግብ የሚያደርስ መኪና ነው። ሁለተኛው፣ ድርጅቱ መኪናውን ዋጋውን ከፍ በሚያደርግ ደረጃ ሲያድሰው ነው፤ ማጠብ፣ ቀለም መቀባት፣ ጎድጓዳውን ማቃናትና የተለመደ ሰርቪስ አይቆጠሩም። ሦስተኛው፣ ድርጅቱ በዓላማው መሠረት ለችግረኛ ሰው በነጻ ወይም ከገበያው በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ሲሰጠው ነው። ይህንን ሦስተኛውን ሥራዬ ብለው የያዙ ድርጅቶች አሉ፤ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ በ1999 የተመሠረተው ቬሂክልስ ፎር ቼንጅ የሚባለው አንዱ ነው። ቢሆንም ተስፋዎን በዚህ ላይ አይጣሉ። እንዲህ ያለ ድርጅት ለቤተሰብ የሚሰጠው በርካሽ የሚጠገን መኪና መሆን አለበት። ዝቅተኛ ደመወዝ ላላት እናት ከኋላው የሚቀመጥ መርሴዲስ መስጠት ስጦታ አይደለም፤ የጋራዥ ሒሳብ ነው። የእርስዎን ዓይነት ተቀብለው ቢሸጡት አይፍረዱባቸው፤ ሲሸጡት ግን እንደገና ወደ ጨረታው ዋጋ ተመልሰዋል።

በእነዚህ በሮች ቢገቡም የሚጻፈው ዋጋ መኪናው አሁን ባለበት ትክክለኛ ሁኔታ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ኬሊ ብሉ ቡክ ሲጠይቅዎ «ጥሩ» የሚለውን ነክተው ከሆነ 7,500 ዶላሩ የእርስዎ መኪና ዋጋ አይደለም። ከነጋዴ የሚገዛበት ዋጋም አያገለግልም፤ የሚፈቀደው ሰው ከሰው ሲገዛ የሚከፍለው ነው። ከ5,000 ዶላር በላይ ለማስቀነስ ደግሞ ብቁ ገማች ያዘጋጀው ግምትና የዕቃ ልገሳ የሚገለጽበት የፎርም 8283 ሁለተኛ ክፍል ያስፈልጋሉ፤ የገማቹን ክፍያ የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

ቤተ ክርስቲያን፣ እድር፣ አዲስ አበባ፤ ባለቤትዎና የወንድምዎ ልጅ ያሏቸውን በየተራ እንያቸው፤ ሦስቱ በግብር ሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሕግ ማመልከቻ ሳታስገባም እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት ትቆጠራለች። ስለዚህ በአይ አር ኤስ የድርጅቶች መፈለጊያ ላይ ስሟን ቢያጡት ልገሳው አይቀነስም ማለት አይደለም። ችግሩ ከወረቀቱ ነው። የሚያስቀንሱት ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኗ የመኪና ልገሳ ማረጋገጫ የሆነውን ፎርም 1098-ሲ ልትሰጥዎ ይገባል፤ መኪናውን የምትጠቀምበት ከሆነም ለምን ሥራና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊትም እንደማትሸጠው በዚያው ላይ ማረጋገጥ አለባት። «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚል ደብዳቤ፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ ይህን አይተካም። ብዙ የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዦች ይህን ፎርም አይተውት አያውቁም፤ አስቀድመው ያሳዩዋቸው። አረጋውያንን ከቤት ወደ ቅዳሴ የምታመላልስ፣ ለዚህም መኪና የጎደላት ቤተ ክርስቲያን ከሆነች፣ የኢንሹራንሱንና የጥገናውን ወጪ እችላለሁ ካለች፣ ይህ ከሁሉም የተሻለ የመኪና ልገሳ ነው። መኪናው ለአንድ ካህን በግል እንዲሰጥ ብለው ከሰጡት ግን ለግለሰብ የሰጡት ስጦታ ነው፤ አይቀነስም።

እድሩ ሌላ ነገር ነው። እድር አባላቱ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበት ማኅበር ነው፤ የፈለገውን ያህል መልካም ቢሠራ፣ ለብቻው 501 ሲ 3 የሚባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕውቅና ካላገኘ ለእርሱ የተሰጠ ነገር ከግብር አይቀነስም። «ትርፋማ ያልሆነ» ተብሎ በሜሪላንድ መመዝገብ ብቻውን ይህን ዕውቅና አያመጣም፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አዲስ አበባውን በተመለከተ የወንድምዎ ልጅ ሐሳቡ መልካም ነው፣ መንገዱ ግን ዝግ ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለች። በጥር 2016 ዓ.ም፣ ማለትም በ2024 መጀመሪያ፣ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ አይገቡም ብሎ አስታወቀ። ከዚያም ሌላ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት በቀጥታ የሚሰጥ ነገር በአሜሪካ ግብር ላይ አይቀነስም። አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ እኅት ድርጅት ካለው በመፈለጊያው ላይ አረጋግጠው ለእርሱ መስጠት ይችላሉ። ገንዘብ ባሕር ይሻገራል፤ ይህ መኪና አይሻገርም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። መኪናውን አይስጡት፤ ባለበት ሁኔታ ለሚፈልገው ሰው ይሽጡት፣ ገንዘቡን ይስጡ።

ለምሳሌ ያህል፣ ከነጉድለቱ 3,500 ዶላር አወጣ እንበል። የረጅም ዘመን የግል መኪናዎን ከገዙበት በታች ስለሸጡት በሽያጩ ላይ ግብር የለብዎትም፤ ኪሳራውም አይቀነስም። 3,500 ዶላሩን ለመረጡት ድርጅት ቢሰጡ ሙሉው ይደርሰዋል፤ በጨረታው መንገድ ቢሄድ ኖሮ ከ1,800 ዶላሩ የሰብሳቢው ድርሻ የተነሣለት ነበር የሚደርሰው። ለእርስዎም ይሻላል። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ከ2026 ጀምሮ መደበኛውን ተቀናሽ ለሚወስዱ ሰዎችም ጥሬ ገንዘብ ልገሳ ላይ ትንሽ በር ከፍቷል፤ ላላገባ እስከ 1,000፣ በጋራ ለሚያቀርቡ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር። የተፈቀደው ለገንዘብ ብቻ ነው፤ ለዕቃም ለመኪናም አይደለም። ስለዚህ ዝርዝር ባያቀርቡ እንኳ 2,000 ዶላር ይቀንሳሉ፣ በ12 በመቶ 240 ዶላር ግብር ይቀርልዎታል። መኪናውን ሰጥተው ቢሆን ምንም አያገኙም ነበር። ከ250 ዶላር ጀምሮ ላለ ልገሳ ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበልን አይርሱ፤ የባንክ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ጥገናውን በተመለከተ፣ 4,000 ዶላር አያውጡ። ሊሰጡት ካሰቡም ጥገና አይጠቅምዎትም፤ ተቀናሹ አሁንም የጨረታው ዋጋ ነው፣ የጥገናው ደረሰኝ ለብቻው አይቀነስም። ለመሸጥ ግን አንድ የሚያዋጣ ጥገና ሊኖር ይችላል። በሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ገዢው በስሙ ለማስመዝገብ የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ከኋላው የተቀመጠ መኪና ደግሞ አያልፍም። ስለዚህ አከፋፋይ ባልሆነ፣ መርሴዲስ በሚያውቅ ጋራዥ፣ ከኩባንያው ውጪ በተሠሩ የአየር ስፕሪንጎች ኋላውን ብቻ ማስነሣት ስንት እንደሚፈጅ ይጠይቁ። ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ከሆነና ኮምፕሬሰሩ ገና ጤነኛ ከሆነ የገዢውን ብዛት ስለሚጨምር ያሠሩት። ቶሎ ይወስኑ፤ ስፕሪንጉ እያፈሰሰ መንዳት ኮምፕሬሰሩን ያለ እረፍት አሠርቶ ያቃጥለዋል። የሞተር መብራቱን ኮድ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ያነቡልዎታል። ቁጥሩን ጽፈው ለገዢው ያሳዩ፤ በዚህ ዘመን ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ ያለች የፕላስቲክ ክንድ መሰበር የታወቀ ነው፤ ግን ሳያስነብቡ እርሷ ናት አይበሉ። መብራቱ እስካለ ድረስ የጭስ ምርመራውን እንደማያልፍ ገዢው ያውቃል።

ሲሸጡ ጉድለቱን በጽሑፍ ይዘርዝሩ። «እንዳለ የተሸጠ» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ይለዋወጡ። በሻንሲ ቁጥሩ የብሔራዊ አውራ ጎዳና ደኅንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ የኩባንያ ጥሪ ካለ ይመልከቱ፤ በታካታ ኤርባግ ምክንያት ብዙ መርሴዲሶች ተጠርተዋል፣ ጥገናውም በነጻ ነው። የአሜሪካ መርሴዲስ ቤንዝ ክለብ በዋሽንግተን አካባቢ ቅርንጫፍ አለው፤ ከተራ የሽያጭ ገጽ ይልቅ እዚያ የሚያገኙት ሰው መኪናውን አውቆ የሚመጣ ነው። ክፍያውን ከገዢው ጋር ባንክ ገብተው ይቀበሉ፤ ቤት ድረስ የመጣ የባንክ ቼክ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አልነገሩኝም፤ ምናልባትም አላስታወሱትም። በዚህ መኪና ኡበር ወይም ሌላ የኪራይ ሥራ ሠርተው ያውቃሉ? ከሆነ ከላይ «በሽያጩ ላይ ግብር የለብዎትም» ያልኩት በሙሉ ላይሠራ ይችላል። በየማይሉ ያስቀነሱት ሒሳብ ውስጥ የእርጅና ቅናሽ አለበት፤ በ2024 በማይል ከሚቀነሰው 67 ሳንቲም 30ው የእርጅና ነበር። ማይሉ ሲጠራቀም መኪናው በግብር መዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ዜሮ ይደርሳል፤ ያኔ የሽያጩ ገንዘብ ገቢ ተብሎ ግብር ይጠየቅበታል። ቢለግሱትም ተቀናሹ በዚያው ልክ ያንሳል። የእነዚያን ዓመታት ስኬጁል ሲ፣ ማለትም የግል ሥራ ገቢ የሚሞላበትን ቅጽ ይዘው ታክስ ሠሪዎ ጋ ሳይሄዱ አይሽጡም፣ አይስጡም።

መኪናውን እንዳለ መስጠት የምመክረው በጥቂት ሁኔታ ነው። ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ከተሰበረና ለቁርጥራጭ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ፣ እንግዳ ሰው ቤትዎ እየመጣ መኪና እንዲያይ ካልፈለጉ ወይም ጤናዎ የማይፈቅድ ከሆነ፣ አለዚያም ያቺ አረጋውያን የምታመላልሰው ቤተ ክርስቲያን ካለች። ያኔ መጀመሪያ ድርጅቱን በራሱ ስልክ ይደውሉለት፤ በማስታወቂያው ስልክ አይደለም። መኪናውን የሚወስደው ሰው በድርጅቱ ስም የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ይያዙ። ታይትሉ ላይ፣ አገር ቤት ሊብሬ በምንለው ላይ፣ የተቀባዩን ስም ሳይሞሉ በባዶው አይፈርሙ፤ ባዶ ታይትል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መኪናው የሚያደርሰው አደጋና የሚጠራቀመው ቅጣት በእርስዎ ስም ይመጣል። የባንክ ዕዳ ካለበት መጀመሪያ ያስፍቁ። የ2011 ሞዴል ስለሆነ የማይል ንባቡን ማስታወቅም ግዴታ ነው፤ ከዚህ ሞዴል ጀምሮ ይህ ግዴታ ለ20 ዓመት ይቆያል።

ቢሸጡትም ቢሰጡትም ታርጋው የእርስዎ ነው፤ ፈትተው ለሜሪላንድ የተሽከርካሪ አስተዳደር ይመልሱ። ኢንሹራንሱን የሚያቋርጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከታርጋው በፊት ካቋረጡ የቅጣት ደብዳቤ ይመጣል። የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠውን የኢዚፓስ መሣሪያዎን ያንሡ፤ መኪናው ውስጥ የተቀመጡ የስልክ አድራሻዎችንና የጋራዥ መክፈቻውን ያጥፉ። ፎርም 1098-ሲን ድርጅቱ ከሸጠ በ30 ቀን ውስጥ ሊልክልዎ ይገባል። በታኅሣሥ (ዲሴምበር) መጨረሻ የሰጡት መኪና በመጋቢት ቢሸጥ እንኳ ልገሳው የሚቆጠረው በሰጡበት ዓመት ነው። ፎርሙ ሳይደርስ የግብር ማስታወቂያ የማስገቢያው ቀን ከደረሰ በፎርም 4868 ጊዜ ያስጨምሩ፣ ወይም ያለ ልገሳው አስገብተው በኋላ በፎርም 1040-ኤክስ ያስተካክሉ፤ ገምተው ቁጥር አይጻፉ።